የክቱን ልብስ ለዘወትር

ወሎ ያደገ ሰው «ተይው እሱ የክት ነው» የምትለዋን ሳይሰማ አላደገም። የክት ጫማ አለ፣ የክት ቀሚስ አለ፣ የክት ሲኒ ሁሉ አለ፣ እና ክቱ የሚወጣው ወይ ለኢድ ወይ ለሰርግ ወይ ደህና እንግዳ ሲመጣ ነው፣ ያ ካልሆነ ሳጥን ውስጥ ናፍታሊን እየሸተተ ይቀመጣል። እኔ ይሄን ነገር ገልብጬ የክቱን ለዘወትር መልበስ ከጀመርኩ አራተኛ አመቴን ይዣለሁ። የድሮ ልብስ ማለትም ከእናት ከአክስት የቀረ ኮት፣ ሽንሽን ቀሚስ፣ በጨርቅ የተለበጠ ቁልፍ ምናምን የምትወዱ ግን «የት ለብሼው እሄዳለሁ» ብላችሁ የተዋችሁ ካላችሁ እኔ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ፣ ያበላሸሁትንም ጭምር፣ እናንተ እንዳትደግሙት።

የኔ ነገር የጀመረው በአክስቴ ኮት ነው። እቴቴ ነበር የምንላት ሁላችንም። በጃንሆይ ጊዜ ደሴ ውስጥ መንግስት መስሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፣ የራሷ ደሞዝ ያላት ሴት። በ63 ፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሳችው አንድ ፎቶ አለ፣ ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ወደላይ የተነሳ፣ ከኋላ ስስ ሻሽ ጣል የተደረገበት፣ ኩሉ ከአይኗ ጫፍ ወደ ጎን ሳብ ያለ፣ እና ያን ኮት ለብሳለች። ግራጫ ሱፍ ነው፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ብሎ ከታች ሰፋ የሚል፣ አንገቱ ትልቅ። የሁለት ወር ደሞዟን ሰጥታ ነው ያሰፋችው። ልጅ ሆኜ ፎቶውን ሳየው የሌላ ሀገር ሴት ትመስለኝ ነበር፣ ግን ከኋላዋ ያለው መጋረጃ የኛው ፎቶ ቤት መጋረጃ ነው፣ በሩም ስትወጪ የሚያወጣሽ የኛው ብርድ ላይ ነው።

ያን ኮት ግን ሶስት አመት እንኳን አልለበሰችውም። በ65 እና በ66 የወሎ ረሃብ ጊዜ ከገጠር የወጣ የተራበ ሰው ደሴን ሞላት፣ እቴቴ ጠዋት ቢሮ ስትሄድ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው እያለፈች ነው የምትሄደው፣ እና አንድ ቀን ማታ ቤቷ ገብታ ኮቱን አውልቃ አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «ያን ለብሼ በነሱ ፊት ማለፍ አልቻልኩም» ነበር የምትለን። ከዛ ደርግ መጣ፣ ካኪ መጣ፣ ዘንጦ መታየት ራሱ ቡርዧ የሚያስብልበት ጊዜ መጣ፣ ከዛ ልጆች መጡ፣ ከዛ እድሜ መጣ። በየአመቱ ታወጣዋለች፣ ፀሀይ ታስመታዋለች፣ ታጥፋለች፣ ትመልሳለች። ለብሳው ግን አላየኋትም አንድም ቀን። ኮቱ ሳጥን ውስጥ እያለ ነው የሞተችው፣ አላህ ይማራት።

በ2014 ጦርነቱ ሲደርስ ጥቅምት ላይ ከደሴ ወጥተን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ገባን። ታህሳስ ላይ ስንመለስ ቤቱ ተበርብሮ ጠበቀን፣ ቲቪው የለም፣ ፍራሹ የለም፣ የእናቴ ነጠላና ጋቢ የለም፣ የእቴቴ ሳጥን ክዳኑ ተሰብሮ ተገልብጧል። ኮቱ ወለል ላይ ነበር። ጀርባው ላይ የጫማ አሻራ ነበረበት። ከሱ ጋር ሁለት ቀሚስና አንድ ጥንድ ታኮ ጫማ ቀርተዋል፣ ያረጀ ነገር ማን ይወስደዋል ብለው መሰለኝ። አንስቼ ሳራግፈው ያ የናፍታሊን ሽታ ወጣ፣ እና እዛው ቆሜ ለበስኩት፣ በጭቃው በምኑ። ትከሻው ልክክ አለ። ያኔ ነው የወሰንኩት፣ ይሄ ነገር ድጋሚ ሳጥን አይገባም አልኩ፣ 50 አመት ተጠብቆ ለማንም አልሆነም።

መጀመሪያ የተጣላሁት ከእናቴ ጋር ነው፣ ይሄን የምነግራችሁ እናንተም ቤት ስለሚመጣ ነው። «ልጄ የሟች ልብስ ሰደቃ ይወጣል እንጂ አይዘነጥበትም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ልማዳችን እንደዛ ነው፣ እና እኔ ደርቄ ብከራከር ኮቱን በለበስኩ ቁጥር ቤት ውስጥ ቅሬታ ይኖር ነበር። ስለዚህ ያደረኩት ምንድነው፣ ከደሞዜ ሁለት ብርድ ልብስ ገዛሁና በእቴቴ ስም ተፈናቅለው ለመጡ ሁለት እናቶች ሰጠሁ፣ እናቴን ይዣት ሄጄ በእጇ ነው ያሰጠሁት። ከዛ በኋላ ስለ ኮቱ ምንም ብላኝ አታውቅም፣ እንደውም አሁን አንገቱ ሲታጠፍ እሷ ናት የምታስተካክልልኝ። የሟች እቃ ላይ ሰው ቅር ካለው ሀሳቡን ንቃችሁ አትለፉት፣ መንገድ ፈልጉለት።

ከዛ ልብስ ሰፊ ፍለጋ ገባሁ። ይሄ ላይ ረጅም ጊዜ ውሰዱ፣ ምክንያቱም የድሮ ልብስን የሚገድለው ብልም ሻጋታም ሳይሆን የማያውቅ መቀስ ነው። አብዛኛው ወጣት ሰፊ ፈጣን ነው፣ ጎበዝም ነው፣ ግን የለመደው አዲስ ጨርቅ ነው፣ ሰፋ ያለ ነገር ካየ ቆርጦ ማጥበብ ነው የሚቀናው። እኔን ሰው የጠቆመኝ በረንዳ ላይ በእግር ሲንጀር የሚሰሩ አንድ ሽማግሌ ጋ ነው፣ ሐጂ ነው የምንላቸው። ኮቱን ስሰጣቸው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ገልብጠው ውስጡን ማየት ነው። ከዛ ደረቱን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው አሻሹትና «ነይ ያዢው እስቲ» አሉኝ። ያዝኩት። «ሶስት ነገር ይሰማሻል ወይስ ሁለት?» አሉኝ። ሶስት ነበር የሚሰማኝ፣ ላዩ ሱፉ፣ ታቹ ገበሩ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ለብቻው የሚንሸራተት ጠንከር ያለ ነገር። «እሱ ሸራው ነው፣ በእጅ ነው የተሰፋው። የዛሬው ኮት በሙጫ ነው የሚጣበቀው፣ ሲታጠብ ይነፋል። ይሄን የሰራ ሰው ስራ ያውቃል» አሉኝ። እኔ እስካሁን ሰልባጅ ላይ ኮት ሳይ መጀመሪያ የማደርገው ይችን ቁንጠጣ ነው።

ቀጥሎ ያለውን እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል። የታችኛው ጠርዝ በአንድ በኩል ስፌቱ ለቆ ስለነበር እሱን ሊሰፉት ፈታ ሲያደርጉት ከማዕዘኑ አንድ ሳንቲም ወደቀች። የመዳብ አምስት ሳንቲም፣ በአንድ በኩል የጃንሆይ ምስል፣ በሌላው አንበሳ፣ ቀኑ ፲፱፻፴፮ የሚል። እኔ ከኪስ ሾልካ የገባች መስሎኝ ነበር፣ ሐጂ ግን ሳቅ ብለው ሌላኛውን ማዕዘን ዳበሱና «እዚህም አለች» አሉ። ሆን ተብሎ ነው የተሰፋችው። ኮቱ ፊቱ እንዳይነሳ፣ ነፋስ እንዳይገልጠው፣ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ክብደት ነው። ትልልቆቹ የፓሪስ ልብስ ሰሪዎችም ያደርጉታል፣ የሻኔል ጃኬት ውስጥ ከታች ጠርዙን ተከትላ የምትሰፋ ቀጭን ሰንሰለት አለች፣ ስራዋ ይሄው ነው። የደሴው ሰፊ ሰንሰለት የለውም፣ ሳንቲም አለው። እና ሐጂ «ሳንቲሟን ልስጥሽ ወይስ ልመልሳት?» ሲሉኝ «ይመልሱልኝ» አልኳቸው። አሁን ሚኒባስ ስገባ ኮቱ ከበሩ ብረት ጋር ሲነካ ቀጭን ድምፅ አለችው፣ ቂል ትላለች፣ እሷን ስሰማ እቴቴም ሰምታት ነበር እላለሁ።

እሺ ወደ ስራው። የድሮ ልብስ ሲገኝ ሳይታጠብ በፊት ጨርቁ ምን እንደሆነ ማወቅ ግዴታ ነው፣ ይሄን ሳላውቅ ነው አንድ ነገር ያጠፋሁት። ከእቴቴ ቀሚሶች አንዷ ጥቁር ወይንጠጅ ናት፣ የሚያብረቀርቅ ገበር አላት፣ ሐር ነበር የመሰለኝ። ገበሯ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አለብኝ፣ ወዲያው አሴቶን በጥጥ ነክሬ ጠረግ ጠረግ ሳደርገው ጨርቁ በእጄ ላይ ሟሟ፣ ተቀዶ አይደለም ሟሟ፣ የሽልንግ የምታክል ቀዳዳ ከነጠርዟ ደርቃ ቀረች። ገበሩ አሲቴት የሚባል ጨርቅ ነበር፣ የድሮ ልብስ ገበር ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ አሴቶን ደግሞ አሲቴትን እንደ ስኳር ነው የሚያሟሟው። ያን ቀን አልቅሻለሁ። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ የድሮ ገበር ካያችሁ አሴቶን አጠገቡ አይድረስ፣ የጥፍር ቀለምም ከለበሳችሁት በኋላ አትቀቡ።

ጨርቅ ለመለየት ከውስጥ ስፌት ጫፍ ላይ አንድ ክር መዝዛችሁ ሳህን ላይ በክብሪት አቃጥሉት። ሱፍ ወይ ሐር ከሆነ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቃል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነው የሚሸተው። ፖሊስተር፣ ማለትም አባቶቻችን ቴትሮን የሚሉት አይነት፣ ቀልጦ እንደ ዶቃ ጠንክሮ ይቀራል። አንዴ ከለያችሁ ሌላው ቀላል ነው። ሱፍ ሙቅ ውሃና ማሸት አይወድም፣ ተሳስቦ ተጠቅጥቆ የልጅ ልብስ ያክላል፣ ስለዚህ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ የፀጉር ሻምፖ፣ ሳትጨምቁት በፎጣ ጠቅልላችሁ መጫን፣ ከዛ ጥላ ላይ አንጥፎ ማድረቅ። ሰቅላችሁ ካደረቃችሁት በራሱ ውሃ ክብደት ይረዝማል። የዱቄት ሳሙና ለሱፍም ለሐርም ሀይለኛ ነው። እንደ እቴቴ ኮት ሸራ ያለበትን ግን ጭራሽ ውሃ ውስጥ አትክተቱት፣ እኔ ጭቃውን አድርቄ በብሩሽ ነው ያራገፍኩት፣ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ። ስትተኩሱትም ካውያውን በቀጥታ አታሳርፉበት፣ የነጠላ ቁራጭ አርጥባችሁ መሀል ላይ አድርጉ፣ አለበለዚያ የሱፉ ላይኛው ገፅ ያብለጨልጫል፣ ያ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

ስለ ብል ደግሞ አንድ ነገር፣ ልብሱን የሚበላው የምትበረው ትንሿ ቢራቢሮ አይደለችም፣ እንቁላሏ የሚፈለፍለው እጭ ነው፣ እሱም የሚወደው ላብና ምግብ የነካውን ቦታ ነው። አንገት፣ ብብት፣ የእጅ ጫፍ። ስለዚህ ሳይፀዳ የሚቀመጥ ልብስ ለብል ግብዣ ነው፣ ናፍታሊን ብትሞሉበትም። ናፍታሊንን እኔ ትቼዋለሁ፣ ሽታው ለሰው ጥሩ አይደለም፣ ህፃን ያለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ንፁህ አድርጌ በታጠበ አቡጀዲ እጠቀልለዋለሁ፣ ፌስታል ውስጥ አይደለም፣ ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ሀምሌና ነሀሴ ጉሙ ቤት ድረስ ነው የሚገባው፣ ሳጥን መሬት ላይ ከተቀመጠ መስከረም ሳይጠባ ሻጋታ ያወጣል። ከመሬት ከፍ አድርጉት። ፀሀይ ብልጭ ባለች ቁጥር አውጥታችሁ አራግፉት፣ ስፌት ስፌቱን ቦርሹት። ሽታው አልለቅ ካለ ከርቤ ወይ እጣን አጭሳችሁ ከላይ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ እናቶቻችን የሚያደርጉት ነው፣ ከማንም ሽቶ በላይ ነው።

የት ይገኛል ለምትሉኝ፣ የመጀመሪያው ቦታ የራሳችሁ ቤት ነው። እውነት ሳጥን አስከፍቱ። እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ የጎረቤት እትዬን «የድሮ ልብስዎን ያሳዩኝ እስቲ» በሏቸው፣ ልብሱን ባይሰጧችሁ እንኳን ታሪኩን ይሰጧችኋል፣ ቡና ፈልቶ ነው የምትወጡት። ሁለተኛው ሰልባጅ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቦንዳ በሚፈታበት ቀን በጠዋት ከሄዳችሁ ከክምሩ መሀል አንዳንዴ የሚገርም ነገር ይወጣል፣ ግን እውነቱን ልናገር አብዛኛው የቅርብ ጊዜ ልብስ ነው፣ ድሮ የሚመስል ማለት ድሮ ማለት አይደለም። እኔ የማየው ውስጡን ነው። ዚፑ ብረት ከሆነ፣ በተለይ በግራ ጎን በብብት ስር የሚዘጋ ከሆነ፣ የ50ዎቹ አካባቢ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፣ የናይለን ዚፕ የተስፋፋው ከ60ዎቹ ወዲህ ነው። መለያው ላይ የሌለ ሀገር ስም ካለ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፣ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል እ.ኤ.አ ከ1990 በፊት ነው፣ ቼኮዝሎቫኪያ የሚል ከ1993 በፊት። የሱፍ ልቃቂት የሚመስለው የዉልማርክ ምልክት ካለበት እ.ኤ.አ ከ1964 በኋላ የተሰራ ነው። እና ስፌቱ ዳር ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ካለው ውሰዱት፣ የድሮ ልብስ ሰፊ፣ ሰው ይወፍራል ብሎ ነው የሚሰፋው፣ ያ ትርፍ ነው ለናንተ የሚፈታላችሁ። ብብቱ የተበላ፣ ወደ ብርሃን ስታነሱት ወንፊት የሚመስል፣ ስትስቡት ጭር የሚል ድምፅ ያለው ከሆነ ግን ምንም ቢያምር ተዉት፣ እሱ ጨርቁ ሞቷል።

እኔ ሂጃብ ለባሽ ነኝ፣ እና ብዙ እህቶች «የድሮ ፋሽን ሚኒ ስከርት አይደል እንዴ» ይሉኛል። አይደለም። ሚኒው የመጣው በ60ዎቹ ነው እንደ ፈረንጅ፣ እኛም ጋ መጋቢት 1960 ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት ተማሪዎች ተቃውሞ እስከሚወጡ ድረስ አጨቃጭቋል። ከሱ በፊት የነበረው ግን ሌላ ነው። የፓሪሱ ልብስ ሰሪ ክርስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ በ1947፣ ሁለተኛው የአለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ያወጣው ልብስ ወገቡ ቅጥን ብሎ ቀሚሱ እስከ ባት የሚወርድ በጣም ሰፊ ሽንሽን ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ጨርቅ በራሽን ስለነበር ያን ያህል ሜትር ጨርቅ ቀሚስ ላይ ማየት ለሰው ድንጋጤ ነበር። ከዛ ወዲህ አስር አመት ያህል ረጅም ሰፊ ቀሚስ፣ ጓንት፣ ፀጉር ላይ የታሰረ የሐር ሻርፕ ነው ሽክ ማለት። ይሄ ሁሉ ለኛ የተሰራ ነው የሚመስለው! ሽንሽኑን ትንሽ አስረዝማለሁ፣ ከውስጥ የጥጥ ቀሚስ አደርጋለሁ፣ ሂጃቤን ከኮቱ ቀለም ጋር አገናኛለሁ፣ አንገት ላይ በአንድ የደረት ጌጥ እይዘዋለሁ፣ አለቀ። ፀጉሬንም እሁድ ማታ በቢጎዲን እጠቀልላለሁ፣ የሴቶች ዝግጅት ላይ ስገልጠው እንደ እቴቴ ፎቶ ነው፣ ካስክ ስር መቀመጥ እንኳን አያስፈልግም፣ እርጥበት ያለው ፀጉር ላይ ጠቅልሎ ማደር ነው።

ስራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ በየቀኑ ነው የምመላለሰው፣ እና የድሮ ልብስን ለዘወትር ማድረግ ማለት ይሄ መንገድ ላይ የሚፈተን ነገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ 25 ኪሎ ሜትር እንኳን በማይሞላ መንገድ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ከ600 ሜትር በላይ ወርደሻል፣ ፀሀዩ ሌላ ሀገር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሙሉ የሱፍ ልብስ ለብሼ ሄጄ አራት ሰአት ሳይሞላ ላብ አጥምቆኛል፣ ላብ ደግሞ ለሱፍ ጠላት ነው። አሁን ከላይ ኮት፣ ከስር የጥጥ ሸሚዝና ጉርድ ነው፣ ሐረጎ መጠምዘዣው ላይ ኮቴን አውልቄ ገበሩን ወደ ውጪ አድርጌ አጥፌ ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ፣ ማታ ስመለስ እዛው አካባቢ መልሼ እለብሰዋለሁ። ቴትሮን ለኮምቦልቻ አይሆንም፣ አየር አያስገባም፣ ለደሴ ክረምት ግን ቶሎ ስለሚደርቅ አሪፍ ነው። የቀሚሶቼ ብብት ላይ ሐጂ ሁለት ግማሽ ክብ የጥጥ ጨርቅ በትልልቅ ስፌት ይሰፉልኛል፣ ላቡን እሱ ይጠጣል፣ ቅዳሜ ፈትቼ አጥበዋለሁ፣ ቀሚሱ ራሱ ብዙ መታጠብ አያስፈልገውም። ይቺ ትንሽ ነገር ናት ግን የልብሱን እድሜ በጣም ታረዝማለች።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፣ ባጃጅ። ሰፊ ሽንሽን ለብሳችሁ ባጃጅ ስትገቡ ቀሚሱን በሁለት እጅ ሰብስባችሁ ጭናችሁ ስር አስገቡት። የኔ አንድ ቀን ጠርዙ ወደ ውጪ ወጥቶ ጎማው ጠቅልሎ ሲስበው ሹፌሩ ቶሎ ባያቆም ኖሮ እኔም አብሬ ነበርኩ። ቀሚሱ እስከ ጉልበት ተተርትሮ ቀረ። ሻርፕም እንደዛው፣ ጫፉን ከኮቱ ውስጥ ክተቱት።

ጫማ ላይ ብዙ አልልም። የእቴቴ ታኮ ሶሉ ቆዳ ስለሆነ ጫማ ሰፊ ጋ ከስር ስስ ጎማ አስለጥፌበት ይኸው ይሄዳል፣ ደርቆ ለነበረው ቆዳ ሊስትሮው ቅባት ሶስት ቀን እየደጋገመ አጠጣልኝ። ሳጥን ውስጥ ብዙ አመት የተቀመጠ የፎም ሶል ጫማ ግን አትመኑ፣ ላዩ አዲስ ይመስላል፣ መንገድ ላይ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።

ጌጥ ከፈለጋችሁ ግን ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ የባቲን የሰኞ ገበያ እዩ። አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝበት ገበያ ነው፣ የድሮ የብር ድሪ፣ አምባር፣ ማርትሬዛ ብር የተንጠለጠለበት የአንገት ጌጥ ይገኛል። ማርትሬዛ ላይ ሁሌም 1780 ነው የሚለው፣ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግስት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት አመት ነው፣ ከዛ በኋላ በየዘመኑ ሲመታ ቀኑ ስላልተቀየረ 1780 ማለቱ ብቻውን እድሜውን አይነግራችሁም። ክብደቱ 28 ግራም ነው፣ 83 ከመቶ ብር አለው፣ ማግኔት አይዘውም፣ ቀላል ከሆነባችሁ ወይ ማግኔት ከሳበው ተዉት። እኔ አንድ ገዝቼ ጥቁር የሱፍ ልብሴ ላይ በሰንሰለት አደርገዋለሁ፣ የፓሪስ ቅድ ላይ የባቲ ብር፣ እንደሱ የሚያምርብኝ ነገር የለም።

ሰው ምን ይላል፣ እሱ ነው አይደል ዋናው ጥያቄ። መጀመሪያ ሁለት ወር «ዛሬ ምን አለ? ሰርግ አለብሽ?» ነበር በየቀኑ። «ስራ አለብኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቅ ነበር። አንዷ የስራ ባልደረባዬ ግን ተቆጣችኝ ማለት ይቻላል፣ «ሰው ቤቱ ፈርሶ አንቺ ኮት ትመርጫለሽ» አለችኝ፣ ይሄ ልቤ ገባ፣ ምክንያቱም እቴቴም ያለችው እሱን ነበር። ብዙ አሰብኩበት። እቴቴ በ66 ያደረገችው ልክ ነበር፣ አይኗ እያየ ነው፣ ዘመኑም ሌላ ነው። የኔ ኮት ግን ያው ከፈረሰው ቤት ወለል ላይ ነው የተነሳው፣ እኔም ያው ከዛ ቤት ነኝ። እሱን ለብሼ ጠዋት ስወጣ ያቺ ቤት ሙሉ በሙሉ እንዳልተወሰደች ነው የሚሰማኝ። ይሄንኑ ነገርኳት። ዝም አለች። ከወር በኋላ የእናቷን ሻሽ በፌስታል ይዛ መጣች፣ «ይሄ ምን ይሆናል?» ብላ፣ ጫፉ ላይ ብል የነካው ቢጫ ሻሽ። አሁን አንገቷ ላይ ነው የምታስረው፣ የተበላው ወደ ውስጥ ታጥፎ።

ለሚጀምር ሰው የምለው ከአንድ ነገር ጀምሩ፣ አንድ ኮት ወይ አንድ ሻርፕ ወይ አንድ የእጅ ሰአት፣ ሌላው የዘወትር ልብሳችሁ ይሁን። ሙሉውን የድሮ አድርጋችሁ ከወጣችሁ የቴአትር ልብስ ይመስላል፣ እናንተም ቀኑን ሙሉ ስትጠነቀቁ ትውላላችሁ። እና ሲለበስ ልብሱ እንደሚያረጅ እወቁት፣ የኮቴ የቀኝ እጅጌ ጠርዝ መሳሳት ጀምሯል፣ ሐጂ ከውስጥ ትርፉ ክር መዝዘው እየጠቀጠቁልኝ ነው። አያሳዝነኝም።

ያቺ በአሴቶን ያቃጠልኳት ወይንጠጅ ቀሚስ አሁን ሐጂ ጋ ናት። ገበሩን እንዳለ ፈተው አወጡት፣ ቅዱን በወረቀት ላይ አስምረው አስቀመጡልኝ፣ እኔ ደግሞ ስስ የጥጥ ጨርቅ ገዝቼ በቤቴ አንዴ አጥቤዋለሁ፣ ቀድሞ እንዲሰበሰብ፣ ከተሰፋ በኋላ እንዳይስበው። «ሐሙስ ነይ» ብለውኛል። «ጠርዙ ላይ ሳንቲም ይኑረው?» ሲሉኝ ምን እንደምሰጣቸው ስላላወኩ ትላንት የእናቴን የሳንቲም ቆርቆሮ ስበረብር አመሸሁ፣ ሁለት አስር ሳንቲም አግኝቻለሁ፣ ቀጫጭን ናቸው፣ ይበቃሉ ይሉኝ እንደሆን እንጃ።